ዳልቻና የተከለለው ጓሳ

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጥያቄ በልቧ ይዛ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ጥያቄዋም «ማንም የማይበላው ሣር ለማን ነው የሚበቅለው?» የሚል ነበር።

ጥያቄው የመጣባት በሥራዋ ምክንያት ነው። ዳልቻ በየሳምንቱ ጨው ተጭና ከቆላው ገበያ ወደ ደጋው ገበያ ትወጣለች። መንገዱ በአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ያልፋል። ከተራራው ግርጌ አንዲት ምንጭ አለች፤ ነጋዴዎቹ እዚያ ቆመው አህዮቻቸውን ያጠጣሉ። ዳልቻ ውሃዋን ጠጥታ ቀና ስትል ሁልጊዜ የምታየው የተራራውን አናት ነው። እዚያ ላይ የተከለለ መሬት አለ። ጓሳ የሚሉት ረጅም ሣር አናቱን ሞልቶታል። ነፋስ ሲመጣ ሣሩ ወደ አንድ ወገን ጋደም ይላል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል። ሽታው እስከ ምንጯ ድረስ ይወርዳል። ነገር ግን ዳልቻ አንድም ከብት ሲግጠው አይታ አታውቅም።

ጓደኞቿ «አንድ ቀን ወጥተሽ አትጠይቂም እንዴ?» ይሏታል።

እሷ ግን ዓይነ አፋር ናት። ሌሎቹ አህዮች አንገታቸውን ዘርግተው ሲያናፉ እንኳ እሷ አፏን ከፍታ ድምጿን መልሳ ትውጠዋለች። «ምን ይሉኛል?» ትላለች በልቧ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጀርባዋ ተላጠ፤ ጉልበቷም ደከመ። ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ቀን ጌታዋ ጭነቱን አወረደላትና አንገቷን ዳበስ ዳበስ አደረጋት።

«በቃሽ ዳልቻ፤ ደህና አድርገሽ አገልግለሽኛል። ከእንግዲህ እንደፈቀድሽ ኑሪ» ብሎ ለቀቃት።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚያበላት ሣር ግን አልነበረውም። የቆላው ሜዳ ከወዲሁ ተግጦ አልቋል። በጋው ደግሞ ገና መግባቱ ነው። ዳልቻ በጋውን የምታሳልፍበት ቦታ ካላገኘች እንደማትተርፍ ታውቃለች። ስለዚህ እግሯ በለመደው መንገድ ላይ ብቻዋን ቀስ እያለች ሄደች።

ከመታጠፊያው ላይ ከአንድ ድንጋይ ጥግ ቀበሮ ብቅ አለች።

«ዳልቻዬ! ጭነትሽን ምን በላው?»

«ጌታዬ ለቀቀኝ» አለች ዳልቻ መሬት መሬቱን እያየች።

«እሰይ! ታዲያ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

 የዳልቻ ዓይን ሳታስበው ወደ ተራራው አናት ሄደ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለች ቀበሮ። «ውጪያ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የተከለለ አይደለም እንዴ?»

«የተከለለውማ ለሌባ ነው። እንግዳ ይገባል፤ ጠዋት ገብቶ፣ አይቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል። አንዴ ከገባሽ በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ አንድ ሁለት ጉርሻ ብታነሺ ማን ያይሻል? ደህና አድርገሽ ብይ እንጂ! ጎንሽ ሞላ ሞላ ብሎ ትመለሻለሽ።»

«አንቺስ አትመጪም?»

«እኔማ» አለች ቀበሮ ጉሮሮዋን እየጠረገች፣ «ከፍታው ራሴን ያዞረኛል።»

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀበሮ ፍልፈል ልትሰርቅ ገብታ ሦስት ጊዜ ተይዛለች፤ ሦስት ጊዜም ተባርራለች።

ዳልቻ ዳገቱን ስትጀምር ከድንጋዩ ኋላ ጅብ እየተንገዳገደ ወጣ።

«ምነው ሰደድሻት? ልበላት እኮ ነበር!»

«አያ ጅቦ፣ ምኗን ልትበላ? አጥንቷን?»

«አጥንት እወዳለሁ!»

«ትዕግሥት ይኑርህ። ወጥታ ጓሳውን ትጋጠው። ወፍራ ስትወርድ ያን ጊዜ ስጋም አጥንትም ታገኛለህ።»

«መቼ ነው የምትወርደው?»

«ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል።»

ጅብ ቁጭ ብሎ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጥቂት ቆየና «አሁን ልትጠልቅ ነው?» አለ።

«ገና ጠዋት ነው፣ አያ ጅቦ።»

«አሁንስ?»

ቀበሮ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

ዳልቻ ከተራራው መግቢያ ስትደርስ ፀሐይ ውርጩን እያቀለጠች ነበር። ከመግቢያው ግራና ቀኝ ጅብራ የሚባሉ ሁለት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈሩን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ተራራውን ተራ እየገቡ የሚጠብቁት ጭላዳዎች ናቸው፤ የዚያን ቀን ተረኛው እሱ ነበር። ሁሉም አባ ጭላዳ ይሉታል።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ? እንግዳ ነሽ?»

«አ... አዎ። የማይሆን ከሆነ ግን ልመለስ...»

«ኧረ ገና አሁን መምጣትሽ! ሕጋችን አጭር ነው፣ አትስጊ። መጀመሪያ፣ ከወሰኑ ውጭ ካለው ከዚህ ሣር ብይ። የእንግዳ ሣር ነው የምንለው። ርቦሽ ከገባሽ ዓይንሽ ከሣር ሌላ ምንም አያይም።»

የእንግዳው ሣር ስስ ነበር፤ ትንሽም ይመራል። ዳልቻ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ያገኘችው ምግብ ስለሆነ አመስግና በላች።

«ቀጥሎ ኮቴሽን አምጪ።»

ዳልቻ ደነገጠች። በዕድሜዋ እግሯን የነካ ሁሉ ሊያስራት የመጣ ነበር። አባ ጭላዳ ግን አርጅቶ ከወደቀ ጓሳ የተጎነጎነ እንደ ካልሲ ያለ ነገር አወጣና አራቱን ኮቴዎቿን አንድ በአንድ አለበሳት።

«ኮቴሽ ጠንካራ ነው፤ መሬታችን ደግሞ ስስ ነው» አለ ጎንበስ እንዳለ። «አጠበቅሁብሽ እንዴ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ዳልቻ ‘የለም’ ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ጎሽ። መጨረሻው ደግሞ፣ ከጥርጊያው መንገድ አትውጪ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ እንግዳን ሁሉ እንጠይቃለን። ለምን መጣሽ?»

ጥያቄዋ እስከ ከንፈሯ መጣ። እንደ ልማዷ መልሳ ዋጠችው።

«ለ... ለማየት» አለች።

«ለማየት መምጣት ጥሩ ነው» አለ አባ ጭላዳ፤ አሳለፋትም።

ዳልቻ ገባች። የጭላዳ እናቶች ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ከጥርጊያው ዳር ተቀምጠው ነበር፤ ስታልፍ ቀና ብለው አይዋትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አስታ በሚባለው የደጋ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ረጅም ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከገደሉ ሥር ጉም ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጓሳው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ሣር ጫፍ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። የኮቴዋ ድምፅ አይሰማም። ዳልቻ ስትራመድ ድምፅ ሳታሰማ የሄደችው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ነፋሱ በተላጠው ጀርባዋ ላይ አለፈ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የገባት። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ጨው የለም፤ ኮርቻ የለም፤ ገመድ የለም።

ከጥርጊያው ትንሽ ወጣ ብሎ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ክምር ክምር ብሎ ይታያል። ጭነት የወረደላት አህያ እንዲህ ያለ አፈር ስታይ ምን እንደምታደርግ አህያ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ዳልቻም ምንም ሳታስብ ከጥርጊያው ወጣች፤ ጉልበቷን አጠፈች፤ ጎኗን ጣለች፤ ተንከባለለች። ወደ ግራ ተንከባለለች፤ ወደ ቀኝ ተንከባለለች፤ አራት እግሮቿን ወደ ሰማይ አንስታ ጀርባዋን አሸች። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ኧረ በሕግ! ኧረ ቤቴን!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከመሬት ውስጥ ተሰማ።

ዳልቻ ብድግ አለች። ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ፍልፈል አናቷ ላይ አፈር ተሸክማ ወጣች። ሁለት ትልልቅ ጥርሶቿ በንዴት ይንቀጫቀጫሉ።

«እኔ ደግሞ ተራራው የተናደ መስሎኝ! ለካ አህያ ናት!»

«ይ... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ...»

«እትዬ ፍልፈል ነኝ! ስምንት በር ያለው ቤት ነበረኝ። እስቲ አሁን ቁጠሪልኝ!»

ዳልቻ ዞር ዞር ብላ አየች። እትዬ ፍልፈል ከወጣችበት በቀር ሰባቱ በሮች ተደፍነዋል።

«እታች አራት ልጆች አሉኝ» አለች እትዬ ፍልፈል። «ጠላት በአንዱ ሲመጣ በሌላው ነበር የምናመልጠው። አሁን በየት ልናመልጥ ነው?»

ዳልቻ ማልቀስ ጀመረች።

«ተይ፣ ተይ፤ እንዲህ ያለ እንባ ቤቴ ከገባ ደግሞ ልንሰጥም ነው» አለች እትዬ ፍልፈል። ቀስ ብላ ቀረብ አለችና የተላጠውን ጀርባ አየች። ጥርሶቿ መንቀጫቀጫቸውን ተዉ። «ስንት ዓመት ተሸከምሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«እንደሱ ከሆነ መንከባለሉስ ሲያንስሽ ነው። ግን እኔም በር የለኝም።»

ዳልቻ ከዚህ የበለጠ የምታፍርበት ነገር አልቀራትም። ስለዚህ ጥያቄዋ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«እትዬ ፍልፈል፣ ማንም የማይበላው ሣር ለማን ነው የሚበቅለው?»

እትዬ ፍልፈል በመገረም አየቻት። «ማንም አይጠቀምበትም ያለሽ ማን ነው? ጉሙን አታይውም? ሣሩ ይይዘዋል፤ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ከሥር መንገድ እንቆፍርለታለን። ውሃው በጉድጓዳችን ሰርጎ፣ ተራራውን ውስጥ ለውስጥ ወርዶ፣ ከግርጌው ይወጣል። ከመንገዱ ዳር ያለችውን ምንጭ ታውቂያታለሽ?»

ዳልቻ ምንጯን ታውቃታለች። በእያንዳንዱ ጉዞ ቆማ ጠጥታባታለች።

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጓሳ ስትጠጪው ኖረሻል» አለች እትዬ ፍልፈል።

ዳልቻ ከሣሩ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ቀና ብላ አየች።

ነገሩ አባ ጭላዳ ዘንድ ቀረበ። እሱም ጎፈሩን እያሻሸ አሰበና እንዲህ አለ፦

«በተራራው ሕግ አንድ የተደፈነ በር የአንድ ቀን ጥበቃ ነው። እትዬ ፍልፈል በቀን አንድ በር ትከፍታለች። አንቺ ደግሞ ሰባቱም በሮች እስኪከፈቱ ድረስ ከመግቢያው ላይ ትቆሚያለሽ። የምትበይው የእንግዳውን ሣር ነው። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ነፃ ነሽ።»

«እሺ» አለች ዳልቻ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ዳልቻ አልወረደችም። በነጋታውም አልወረደችም። ጅብ ከታች ሆኖ ረሃብ እየሞረሞረው ቀበሮን ይነዘንዛት ጀመር።

«የታለች? ሳትወፍር ቀረች እኮ!»

«ተዋት አህያዋን» አለች ቀበሮ። ከወሰኑ ውጭ ካለው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተኝታ የሆነውን ሁሉ አይታለች። «ከእሷ የሚሻል አለ። ከላይ አምስት ፍልፈሎች አሉ፤ እንደ ቅቤ የለሰለሱ። በሮቻቸው ተደፍነዋል፤ የትም አያመልጡም። በጎን እንዳንሾልክ ገደል ነው፤ በመግቢያው ነው የምናልፈው። አንተ ‘እንግዳ ነኝ፤ ጠግቤያለሁ’ በል። ሌላ ምንም እንዳትናገር።»

«እንግዳ ነኝ፤ ጠግቤያለሁ። እንግዳ ነኝ፤ ጠግቤያለሁ» እያለ ጅብ ዳገቱን ሁሉ አጠናው።

ሦስተኛው ቀን ነበር። ሁለት በሮች ብቻ ተከፍተው አምስቱ ገና ተደፍነዋል። እኩለ ቀን ላይ ወፍራም ጉም ተራራውን ሸፈነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ወርደው ሣር ይለቅማሉ። ዳልቻ ከሁለቱ ጅብራዎች መካከል ብቻዋን ቆማለች።

ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የጅብ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለው ያ ጀርባ ታየ።  ዳልቻ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም። አባ ጭላዳ ያስተማራትን ጠየቀች።

«እ... እንግዳ ነህ?»

«እንግዳ ነኝ፤ ጠግቤያለሁ!» አለ ጅብ በኩራት።

«ምን በላህ?»

ጅብ ዞር ብሎ ቀበሮን አያት። ይህን አላስተማረችውም።

«ፍልፈል!» አለ።

«የት?»

«እዚሁ ውስጥ!»

«መቼ?»

«ካሳለፍሽኝ አሁኑኑ ነዋ!»

ቀበሮ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አንተን ይዞ መምጣት!» አለችና በፈገግታ ወደ ዳልቻ ተጠጋች። «ዳልቻዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? ዞር በይ ብቻ። እኛ እንገባለን፤ አንቺም ትገቢያለሽ። በዚህ ጉም ማን ያይሻል? ያን ጓሳ እስኪበቃሽ ብይው። በጋውን ሙሉ የሚያኖርሽ ምግብ ነው። ይህን መራራ ሣር እየበላሽ እስከ መቼ? እምቢ ካልሽ ደግሞ አያ ጅቦ የሚጀምረው ከአንቺ ነው።»

«ከእሷ ልጀምር?» አለ ጅብ ዓይኑ እየበራ።

ዳልቻ ሆዷ ባዶ መሆኑን ታውቃለች። በጋው ረጅም መሆኑንም ታውቃለች። እታች ደግሞ አምስት በር የተደፈነበት ቤት ውስጥ አራት ልጆች እንዳሉ ታውቃለች፤ በሮቹን የደፈነችው ራሷ ናት። አንገቷን ዘረጋች፤ አፏንም ከፈተች። ድምጿ መጣ። ዳልቻ ያን ቀን አልዋጠችውም።

አናፋች! ድምጿ ከመጀመሪያው ገደል ተጋጭቶ ተመለሰ፤ ከሁለተኛው ተመለሰ፤ ከሦስተኛውም ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዋጠችው ሁሉ የወጣ ይመስል ነበር።

ጅብ ጆሮውን አቆመ። «በዚያም አህያ አለ!» አለና ወደ ግራ ዞረ። «ኧረ በዚያም!» ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። «ኧረ ተራራው ሁሉ አህያ ነው! የትኛዋን ላስቀድም?»

«አንዲት ብቻ ናት፣ አንተ ደደብ! የገደሉ ማሚቶ ነው!» ብላ ቀበሮ ጮኸች።

«አንቺ ደግሞ ብቻሽን ልትበያቸው ነው!» አለ ጅብ። ድምፁ በመጣበት ሁሉ ሲዞር፣ ሲዞር ራሱ ዞረበትና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጭላዳዎቹ ጎፈራቸውን አንጨፍርረው፣ ጥርሳቸውን አግጥጠው ከጉሙ ውስጥ እንደ ጎርፍ ወጡ።

«እኔ መንገድ ልጠይቀው ነው የቆምኩት፤ አላውቀውም!» አለች ቀበሮ። ዓረፍተ ነገሩን የጨረሰችው ዳገቱን ግማሽ ከወረደች በኋላ ነው። ጅብም እየተንከባለለ ተከተላት። ምሳው ግን አሁንም አሁንም ከኋላው የሚጠራው ስለሚመስለው እየቆመ ዞር ይል ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ እትዬ ፍልፈል እያለከለከች መግቢያው ድረስ መጣች።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው ያለሽ? ሁለት በሮቼ በንዝረቱ ብቻ ሊከፈቱ ነበር!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጆቼ ‘እሷ እያለች መተኛት ይቻላል’ ብለው ተኙ።»

ዳልቻ አፈረች፤ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ሰባተኛው ቀን ሲሞላ የእትዬ ፍልፈል ስምንቱም በሮች ክፍት ነበሩ። አባ ጭላዳ ወደ ዳልቻ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ነፃ ነሽ፣ እህቴ። የምትሄጂበት አለሽ?»

ዳልቻ መልስ ከመስጠቷ በፊት «ጓሳው ተከፍቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ይከፈታል እንጂ። በደንብ ሲበስል፣ ለጥቂት ቀናት ለሁሉም ይከፈታል። የሚቀጥለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።»

ዳልቻ ሣሩን አየችው። ነፋሱ ጋደም አድርጎት አለፈ፤ ሣሩም ቀና አለ።

«እስከዚያ አልኖር ይሆናል» አለች።

አባ ጭላዳ ሊያጽናናት ብሎ አልዋሸም። «አትኖሪ ይሆናል» አለ። «እስከዚያ ለጠባቂ ያለን ይኸው የእንግዳ ሣር ነው። ስስ ነው፤ ያውም ይመራል።»

«ሰባት ቀን በላሁት፤ አኑሮኛል። እኔ ባልደርስበት ግን ለጓሳው የሚደርስ ሌላ አለ፤ አይደል?»

«አለ። የእትዬ ፍልፈል ልጆች አሉ። ገና ያልተወለዱ ጭላዳዎች አሉ። ጓደኞችሽም ከታች ከምንጯ ይጠጣሉ።»

ዳልቻ ትንሽ አሰበች። «የነገው ተረኛ ማን ነው?» አለች።

«ገና አልተመደበም።»

«እንግዲያው እኔ እቆማለሁ።»

በስምንተኛው ቀን ማለዳ ማንም ሳይፈርድባት፣ ማንም ሳያዛት፣ ዳልቻ በሁለቱ ጅብራዎች መካከል ቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ራሳችን የማንቀምሰውን ነገር ለሌሎች ብለን ስንጠብቅ የጠበቅነው ቦታ እንግድነታችንን ሽሮ ቤተኛ እንደሚያደርገን ነው።